ሆደ ሰፊ በሚሊ ሊትር

“ሆዷ የተቆረጠ ሴት ምስጢር አትቋጥርም” ይላሉ እትዬ ደብሪቱ። ሊፍት ውስጥ ይላሉ፤ ለቅሶ ቤት ይላሉ፤ የእድር ስብሰባ ላይ ስለ ቆሻሻ ማውረጃው እየተነጋገርን እጃቸውን አውጥተው ይላሉ። ማስረጃቸው አንዲት የሐዋሳ ሴት ናት። ሴትዮዋ ተቆርጣ ከሆስፒታል በወጣች ማግሥት፣ ስፌቱ እንኳ ሳይደርቅ፣ ባሏ ፊት ቁጭ ብላ የበኩር ልጃቸው የማን እንደሆነ ዝርግፍ አድርጋ ነገረችው። ያን ሁሉ ዘመን ጉዳዩን ችሎ የኖረው ሆድ ሲቀነስ፣ ጉዳዩ መቀመጫ አጣ ማለት ነው። ባለፈው ክረምት ይቺው ሴት የአዳማ ሰው ነበረች። ከዚያ በፊት ወንድ ነበረች።

በእኛ ሕንፃ ወሬ ከውኃ ቀድሞ ነው ላይ የሚወጣው። አርባ ፎቅ ነው። ውኃው ሃያኛው ላይ ይደክመዋል፤ እትዬ ደብሪቱን አይደክማቸውም።

ወሬው እንዳይሞት የሚያደርገው የተቆራጩ ብዛት ነው። ግማሹ ከተማ ለመክሳት ብሎ ሆዱን ተቆርጧል። ምግብ ቤት የገባ ሰው ወንበር ሳይስብ አስተናጋጁ “ሙሉ ነዎት ሩብ?” ይለዋል። ሙሉ ያልተቆረጠ ነው፤ ሩብ የተቆረጠ። ለሩብ የሚቀርበው ምግብ በሲኒ ማስቀመጫ ልክ ነው። የሠርግ ጉርሻ ከንፈር ነክቶ ይመለሳል፤ ፎቶ አንሺው ጎበዝ ከሆነ የተዋጠ ይመስላል።

ሩብ የሆነ ሰው ሁሉ ሆዱ ውስጥ ሐኪም የተከለው ጠባቂ አለ። ጠባቂው የገባውን ይለያል፣ ልኩ ሲደርስ “በቅቷል” ይላል፣ ይዘጋል። ድምፁን ሆስፒታሉ ያስመርጣል፤ የነርስ አለ፣ የአባት አለ፣ የቄስ አለ፣ የዜና አንባቢ አለ። እኔ የዜና አንባቢውን ወሰድኩ፤ ሌሎቹ ሁሉ የሚያባብሉኝ መሰለኝ። የጠባቂ አንድ ጉድለቱ ሹክሹክታ አለማወቁ ነው። የአንድ ባለ ሥልጣን ጠባቂ በንግግራቸው መሃል “በቅቷል” ብሎ አዳራሹ ቆሞ አጨብጭቧል። በዚህ የተነሳ የቅድመ አያቶቻችን መቀነት ወደ ፋሽን ተመለሰ። ድምፅ ያፍናል። ወንዶቹ በበጋም ጋቢ ይደርባሉ።

ከሕንፃችን ሴቶች ሁሉ ወፍራሙን መቀነት የሚታጠቁት እትዬ ደብሪቱ ናቸው። ለወገባቸው ነው ይላሉ።

እኔ ፈትለወርቅ እባላለሁ፤ ሠላሳ አንደኛ ፎቅ። ከመቆረጤ በፊት ሊፍቱ ገና እግሬን ሲያይ “እባክዎ ሦስት ሰው ይውረድ” ይል ነበር። ሦስት ሰው ይወርዳል። ሦስቱም በሩ እስኪዘጋ ድረስ ያዩኛል። ስለዚህ መውረድ ተውኩ። ሥራዬ ከቤት አያስወጣም፤ ስልክ ደውላችሁ “ቅሬታዎ ደርሶናል፣ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን” የምትላችሁ ሴት እኔ ነኝ።

እኔ ባልወርድም ሰው ይመጣ ነበር። ባልና ሚስት ይጣላሉ፣ ይመጣሉ። እህትማማች ይኳረፋሉ፣ በተራ በተራ ይመጣሉ። ሶፋዬ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። ተነስቼ መሄድ ስለማልችል ሁሉም ትዕግሥት መሰለው። አፌ እንዳሁኑ አልተፈታም ነበር፤ በዚያ ሰውነት ላይ ስለታም ምላስ ጨምሬ ማን ይችለኛል ብዬ እውጠዋለሁ። “ፈትለወርቅ እኮ ሆደ ሰፊ ናት” ተባለ። ከሃያ ሁለተኛ ፎቅ እስከ ጣሪያው ድረስ ማን ማንን በድብቅ እንደሚወድ፣ ማን ከማን ምን እንደሰረቀ፣ እኔ ጋ ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ ስኳሩ ዓይኔን ፈለገው። ጉልበቴ ሽንት ቤት ድረስ ለመሄድ ድርድር ጀመረ። ተቆረጥኩ።

ምን እንደሆንኩ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሌሊት አፍንጫዬ ላይ ተለጥፎ የሚያስተነፍሰኝን መሣሪያ አወለቅኩ፤ አሁን ልብስ አደርቅበታለሁ። የስኳር መርፌ ቆመ። አንድ ቀን ሊፍቱን ትቼ በደረጃ ወረድኩ፣ ሠላሳ አንዱንም። ታች ግቢው ውስጥ ጎረቤቶቼ ቆመው ይጫወታሉ፤ ማንንም መለየት አቃተኝ። ሁሉንም የማውቃቸው ተቀምጠው ሲያለቅሱ ነው። ቆመው ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

እነሱም እኔን መለየት አቃታቸው። የለዩኝም ደረታቸውን ያዙ። “አይ ፈትሌ፣ ምን ነካሽ? እንዲህ ትክሺ?” አሉኝ። ስኳሬ ወርዶ ቆሜ እየሄድኩ “እግዜር ይማርሽ” የተባልኩት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሶፋዬ ላይ መጥቶ አልተቀመጠም። የሐዋሳዋ ሴት ቀድማኝ ሁሉ ቤት ገብታ ነበር።

በዚያ ሰሞን የእድራችን ዳኛ ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ወደ ጅማ ሄዱ። የእድር ዳኛ ለቅሶ ያስተባብራል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ የሰማውን ይዞ ይቀበራል። እጩ ሆኜ ቀረብኩ። የፈለግኩት ነገር ቀላል ነው። ተቀምጬ ሳለሁ የሰጡኝን እምነት ቆሜ ልጠይቃቸው ፈለግኩ። ቆሜ የምጠይቀው የመጀመሪያ ነገር ነበር።

ተወዳዳሪዬ አቶ ልንገረው ነው፤ አምስተኛ ፎቅ። ሙሉ ሰው። ሆዱ ወደ አንድ ክፍል ሲገባ፣ ባለቤቱ ገና ኮሪደር ላይ ነው። ስሙን ያወጡለት እናቱ ትንቢተኛ ነበሩ።

የእድራችን ደንብ ዘጠነኛ አንቀጽ “ዳኛው ሆደ ሰፊ ይሁን” ይላል፤ ሌላ ነገር አይልም። ድሮ ይህን የሚወስነው ሰው ነበር። አሁን በደንብ ላይ የሰፈረ መስፈርት ሁሉ በመሣሪያ ካልተረጋገጠ ዋጋ የለውም፤ ሰው ያዳላል ተብሎ። መሣሪያው አዳራሹ በር ላይ ቆሟል። እማኝ ይባላል። ፊቱ ትቆማለህ፣ የጠየቁትን ይለካል።

አቶ ልንገረው ቀድሞኝ ቆመ።

“አንድ ሊትር ተኩል” አለ እማኝ። “ሰፊ።”

ቀጥዬ ቆምኩ። እማኝ “እባክዎ ቀረብ ይበሉ” አለ። ቀረብኩ።

“ስልሳ ሚሊ ሊትር። ጠባብ።”

አዳራሹ ውስጥ ዳማ ይጫወቱ የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች ቃሉን ሲሰሙ ፖለቲካ መስሏቸው ዳማቸውን ሰብስበው ወጡ።

የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ ሸዋንግዛው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ፣ ደግ ሰው።

“ጋሽ ሸዋንግዛው” አልኳቸው፣ “ሆደ ሰፊ ማለት እኮ ታጋሽ ማለት ነው።”

“እናውቃለን ልጄ። አማርኛ ልታስተምሪን ነው?”

“ታዲያ ሆዴን ምን አስለካው?”

“ትዕግሥት የሚለካ መሣሪያ የለንማ። ያለን ሆድ የሚለካ ነው።”

“አቶ ልንገረው ተራ ሲጠብቅ ምን እያለ እንደነበር ሰምተዋል?”

“ምን አለ?”

“ስለ እርስዎ ኪንታሮት ነበር የሚያወራው። ለጥበቃው።”

ጋሽ ሸዋንግዛው ወደ በሩ አዩ። ጥበቃው ፈጥኖ ፊቱን አዞረ። “አንድ ሊትር ተኩል ነው” አሉ፤ ድምፃቸው ግን ከቅድሙ ቀነሰ። ከዚያ ጠጋ ብለው “ምርጫው ከፋሲካ በኋላ ነው። የዚያን ቀን እንደገና ትለኪያለሽ። ክሊኒክ ያላላሉ ሲሉ ሰምቻለሁ” አሉኝ።

ያላላሉ። ለበዓል ነው የሚያላሉት። ሩብ የሆነ ሰው ፋሲካን እንደ ሰው ልብላ ካለ ክሊኒክ ሄዶ ጠባቂውን ያስለቅቃል፣ ሳምንቱን ይበላል፣ ተመልሶ ያስጠብቃል። እኔ ይህን የሚያደርጉትን ስሰድብ ኖሬያለሁ። በሰሞነ ሕማማት ማክሰኞ ክሊኒኩ ወረፋ ላይ ተቀመጥኩ።

የመጠበቂያው ክፍል ጢም ብሎ ሞልቷል። ሁሉም ጥቁር መነጽር አድርጓል፣ ሁሉም ግድግዳ ያያል፣ ማንም ማንንም አያውቅም። መቀነትና ጋቢ በር ላይ ይወልቃል፤ ደንብ ነው። ጠባቂዎች ደግሞ ክሊኒክ ሲገቡ የመጨረሻውን ማዕድ ለነርሷ ያስታውቃሉ። ስለዚህ ሰዉ ዝም ብሎ ሆዶች ብቻ ይናገራሉ።

“ምስር” ይላል አንዱ።

“ሽሮ። በርበሬ በዝቷል።”

“ምንም” ይላል ሌላው፣ በአባት ድምፅ፣ ቅር ብሎት።

አጠገቤ አንዲት ሴት ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ተቀምጣለች። ወፍራም መቀነት ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋለች። መቀነቱን አውቀዋለሁ።

“እትዬ ደብሪቱ?”

“እኔ አይደለሁም” አሉ።

“ደህና ዋሉ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። የእህቴን ልጅ አጅቤ ነው።”

“የታለች?”

“ገብታለች።”

በዚህ ጊዜ ከነጠላው ሥር ጥርት ያለ፣ ረጋ ያለ፣ የቄስ ድምፅ ተሰማ። “ሦስት ጉርሻ” አለ። “ዶሮ ነው። ቅቤ አለው። በቅቷል።”

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሆድ ሁሉ ዝም አለ። ሰሞነ ሕማማት ነው። እትዬ ደብሪቱ ሁዳዴን በሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ፣ የእኔን ቤት የሽንኩርት ሽታ “ዘይቱ ምንድን ነው?” ብለው የሚመረምሩ ሴት ናቸው።

“ፈትሌ፣ ልጄ” አሉ። ልጄ ብለውኝ አያውቁም። “ጨው ለማየት ነው የቀመስኩት።”

“ሦስት ጉርሻ?”

“ጨዉ አስቸገረኝ።”

ሳቄ መጣ። ዋጥኩት። “መቼ ነው የተቆረጡት?”

“አንቺ ገና ትምህርት ቤት ሳለሽ።” መቀነቱን ይፈቱና ይጠቀልላሉ። “የዚያን ጊዜ የተቆረጠ ሰው ጉድ ነበር። ባሌ እንኳ ነፍሱን ይማረውና ሳያውቅ ነው የሞተው።”

“ታዲያ የሐዋሳዋ ሴት ምን አደረገችዎት?”

“ሌባ ሌባ እያለ የሚጮኸውን ማን ይፈትሻል ልጄ?”

ነርሷ ስሜን ጠራች። እትዬ ደብሪቱ እጄን ያዙኝ። ምን ይላሉ? ሆዷ የተቆረጠ ሴት ምስጢር እንደማትቋጥር ከእሳቸው በላይ ያስተማረ የለም።

ዶክተሯ በእድሜ ታናሼ ትመስላለች። የሆዴን ሥዕል እያየች “እስከ ሊትር ተኩል ላላላልሽ እችላለሁ” አለችኝ። “ስንት ቀን ነው የምትፈልጊው?”

“የሚለካኝ መሣሪያ እስኪለካኝ።”

“ከዚያ በኋላ አይለካሽም?”

አሰብኩ። “በየዓመቱ ይለካል” አልኩ። “ዳኝነቱ አምስት ዓመት ነው።”

“ለሳምንት የላላ ይመለሳል። አምስት ዓመት የላላ አይመለስም። የሚመለሰው ስኳሩ ነው።” ጥያቄ የጠየቀችኝ ያህል አየችኝ። “ምርጫው የአንቺ ነው። ጫማሽን አውልቂና አልጋው ላይ ውጪ።”

ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ፈታሁ። የግራውን ፈትቼ ወደ ቀኙ ስሻገር ቆምኩ። ማሰሪያ ያለው ጫማ ገዝቼ ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ በየጧቱ አስረዋለሁ፤ እንደ ማንም ሰው፣ ሌላ ነገር እያሰብኩ። በፊት እግሬን ሌላ ሰው ነበር የሚያየው። ጥፍሬን የምትቆርጥልኝ ልጅ “እግርሽ እኮ ቆንጆ ነው” ብላኝ፣ እውነቷን ይሁን ማወቂያ አልነበረኝም።

“ምን ሆንሽ?” አለች ዶክተሯ። ጎንበስ እንዳልኩ ቀርቼ ነበር።

“ቆንጆ ነው” አልኳት። ማሰሪያውን መልሼ አሰርኩትና ወጣሁ።

ምርጫው ዳግማ ትንሣኤ እሁድ ከሰዓት ሆነ። አዳራሹ ሞልቷል፤ ፋሲካን አስለቅቀው የበሉት ገና ፊታቸው ያብረቀርቃል። ጋሽ ሸዋንግዛው እኔንና አቶ ልንገረውን እማኝ ፊት አቆሙን።

“አንድ ሊትር ከስድስት መቶ” አለ እማኝ ለአቶ ልንገረው። “ሰፊ።” ለበዓሉ ጨምሯል።

“ስልሳ ሚሊ ሊትር” አለ ለእኔ። “ጠባብ።”

አቶ ልንገረው የመጀመሪያ ተናጋሪ ሆኖ ተነሳ። “ወገኖቼ፣ ዳኛ ማለት ምስጢር ጠባቂ ነው” አለ። “እኔ ስንቱን ይዣለሁ። የሃያ ሁለተኛ ፎቁ አቶ ዘለቀ ፀጉሩ የራሱ አለመሆኑን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። ለምን? ለማንም አልነገርኩማ።”

አቶ ዘለቀ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር። እጁ ወደ ራሱ ጉዞ ጀመረና መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀየረ።

“የሠላሳ ስምንተኛ ፎቋም ወይዘሮ አማቷን ያስታመመች ጊዜ፣ መድኃኒቱን…” ቆም አለ። “ተዉት። ይሄ ከእኔ ጋር የሚቀበር ነው። ማወቅ የሚፈልግ ቤት ይምጣ።”

ተጨበጨበለት። ወደውት ይሁን ፈርተውት መለየት አልቻልኩም።

የእኔ ተራ ከመድረሱ በፊት እትዬ ደብሪቱ እጃቸውን አወጡ። ልማድ ነው፤ እንደሚያስነጥስ ሰው ነው የሚመጣባቸው። “ሆዷ የተቆረጠ ሴት” ብለው ጀመሩ። ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ወደቀ። አንድ እጃቸው መቀነታቸው ላይ ሄደ። አዳራሹ ግን ቀሪውን ያውቀዋል፤ ከኋላ ያሉት በአንድ ድምፅ “ምስጢር አትቋጥርም” ብለው ጨረሱላቸው። እትዬ ደብሪቱ ቆመው ቀሩ።

“ወይዘሪት ፈትለወርቅ” አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው፣ “መልስ አለሽ?”

መልስ ነበረኝ። ዶሮ የሚባል መልስ፣ ቅቤ ያለው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ የሐዋሳዋን ሴት ለዘላለም ይቀብራታል፣ እትዬ ደብሪቱን ደግሞ ከነመቀነታቸው። ከተቆረጥኩ ወዲህ የመጣልኝን መናገር ለምጃለሁ። ድሮ የምውጠው ብዙ ነበር፤ ምግብ ብቻ አልነበረም። ሰዉ ትዕግሥት ያለው እሱን ነው። አሁን ግን አፍ አለኝ፣ ቆሜያለሁ፣ አዳራሹ ይጠብቀኛል።

“የለኝም” አልኩ። “እትዬ ደብሪቱ የሚሉትን ሰምቻለሁ። ስለ እሳቸው እኔ የምለው የለም።” ተቀመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደ ነገር ውጬ አላውቅም፤ ጠባቂው እንኳ ምንም አላለም።

ጋሽ ሸዋንግዛው ወደ ድምፅ አሰጣጡ ሊያልፉ ሲሉ እትዬ ደብሪቱ አሁንም ቆመው ነበር።

“ይቺ ልጅ ምስጢር ትይዛለች” አሉ።

ጋሽ ሸዋንግዛው መነጽራቸውን አወለቁ። “አሁን አትቋጥርም አላሉም እንዴ?”

“እሱ ቅድም ነው።”

“በምን አወቁ?”

“አወቅኩ።”

“ምስጢር ነግረዋታል?”

“እኔ አልነገርኳትም።”

“ታዲያ ማን ነገራት?”

እትዬ ደብሪቱ መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ። “ማንም ይንገራት። ይዛለች።”

“ምኑን ነው የያዘችው?”

“ምኑን እንደሆነማ ከነገርኳችሁ፣ ምኑን ያዘችው?”

አዳራሹ ማስላት ጀመረ። የቀድሞ የሒሳብ አስተማሪው ሳይቀሩ በጣታቸው አየር ላይ የሆነ ነገር ሲያሰሉ አየኋቸው።

“የሐዋሳዋ ሴትስ?” አለ አንድ ሰው ከኋላ።

“እሷ ኩላሊቷን ነው የተቆረጠችው።”

“ኩላሊት ምስጢር ይይዛል እንዴ?”

“በሐዋሳ ይይዛል።”

“እማኝስ?” አለ አቶ ልንገረው፣ ነገሩ እያመለጠው መሆኑ ገብቶት። “ጠባብ ብሏታል። ስልሳ ሚሊ ሊትር። ሁላችሁም ሰምታችኋል።”

እትዬ ደብሪቱ ወደ እሱ ዞሩ። ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ጊዜ ወሰደ። “ማሽኑ ባዶውን ነው የለካው” አሉ። “የያዘችውን አልለካም።”

ለማንም አልገባም። አልገባኝም ብሎ የሚነሳም አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዱ “ይሄ የጥንት አነጋገር ነው” አለ። ድምፅ ሲሰጥ መጀመሪያ እጁን ያወጣልኝ አቶ ዘለቀ ነበር፤ በአንዱ እጁ፣ በሌላው ፀጉሩን ይዟል። የሠላሳ ስምንተኛ ፎቋ ወይዘሮ ሁለቱንም እጅ አወጣች። እማኝ ላይ አንድ ሰው ነጠላ ጣል አደረገበት። ከነጠላው ሥር ለተወሰነ ጊዜ “እባክዎ ቀረብ ይበሉ” ይል ነበር።

ዳኛ ሆንኩ። ሰዉ ተመለሰ፤ እንደ ድሮው ግን አይደለም። ድሮ ሠላሳ አንድ ፎቅ እስኪወጡ ግማሽ ቁጣቸው በመንገድ ይቀር ነበር። አሁን ስልክ ተደውሎ ሳይዘጋ በደረጃ ወርጄ በራቸው ላይ እገኛለሁ፤ ጠቡን በትኩሱ ነው የማገኘው። አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት አማት ለሩብ ምራታቸው “በሞቴ” ብለው ያቀረቡት ጉርሻ ተመልሶባቸው ተኳርፈው ቆዩ። “ባትበላው እርስዎ ይሞታሉ፤ ብትበላው እሷ ትሞታለች። ማናችሁ ትሙት?” አልኳቸው። አማትየው ተቆጡ፣ ምራትየው ሳቀች፣ ከዚያ አማትየው ሳቁ። ምላሴ በዳኝነት አልደነዘም። እትዬ ደብሪቱም አልተዉም፤ ሊፍት ውስጥ “ኩላሊቷ የተቆረጠ ሴት ምስጢር አትቋጥርም” ሲሉ ሰማሁ። ሰላም ብያቸው አለፍኩ።

ሰኔ ላይ የእድሩ መሥራች ጋሽ ድንበሩ ከደብረ ብርሃን ለለቅሶ መጡ። ዘጠና አራት ዓመታቸው ነው። ሕንፃው ከመቆሙ በፊት፣ ሰፈሩ የጭቃ ቤትና የቆርቆሮ አጥር ሳለ፣ ደንቡን አርቅቀው በድምፃቸው ያስቀዱት እሳቸው ናቸው። ከለቅሶው መልስ ጋሽ ሸዋንግዛው እኔ ቤት ይዘዋቸው መጡና አዲሷ ዳኛ ብለው አስተዋወቁኝ። ሽማግሌው እጄን ሳሙኝ፣ ተቀመጡ፣ ዞር ዞር ብለው አንዷን ክፍሌን አዩ። ከዚያ መስኮቱን። ከመስኮቱ ማዶ ያለው ሰማይ ነው።

“ደጅሽ የታለ ልጄ?” አሉኝ።

“ፎቅ ላይ ደጅ የለም አባባ። በር ነው ያለን።”

“ታዲያ በምን መረጡሽ?”

“ሆደ ሰፊ ናት ብለው ነው” አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ኮራ ብለው። “በዘጠነኛው አንቀጽ።”

ጋሽ ድንበሩ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አስደገሟቸው። “የምን ሆድ?” አሉ። “ደጀ ሰፊ ነው ያልነው። ድንኳን የሚተከልበት ሰፊ ደጅ ያለው ሰው ይሁን ነው ያልነው። ስትቀዱኝ ሰው ሠራሽ ጥርሴ ውኃ ውስጥ ነበር።”